በስንብት ቀን ስለሚቆረጠው ገንዘብ



በብዙ አገር ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው የጡረታ ሒሳብ አለው። በየወሩ ከደመወዙ ጥቂት፣ ከአሠሪውም ጥቂት እየተዋጣ ይጠራቀምለታል። በአገራችንም ቢሆን በግል ድርጅት ለተቀጠሩ ሰዎች በ2011 የጡረታ ዐዋጅ ወጥቶላቸው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፣ ዛሬ ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ያዋጣሉ። እንዲህ ያለ ሒሳብ ያለው ሰው ሒሳቡን ሲዘጋ ወይም ወደ ሌላ ድርጅት ሲያዛውር «የመዝጊያ»፣ «የማዛወሪያ» እየተባለ የሚቆረጥበት አገር አለ። ሰዎቹም ስለዚያ አጥብቀው ይከራከራሉ፤ ይገባቸዋልም።

እኛ ግን የጡረታ ሒሳብ የለንም ትሉ ይሆናል። ደብተር የለንም፤ ሒሳቡ ግን አለ። የተቀመጠው ባንክ ቤት ሳይሆን በማዳም እጅ ነው። ዐረቦቹ «ኒሃየት ኺድማ» ይሉታል፤ እኛ የአገልግሎት ማብቂያ ክፍያ እንበለው። በሠራችሁት ዓመት ልክ እያደገ ሄዶ በስንብት ቀን ሊሰጣችሁ የሚገባ ገንዘብ ነው። ይህ ሒሳብ ሲዘጋ በእህቶቻችን ላይ የሚደርሰውን ቅነሳ ስናይ፣ ከየትኛውም ባንክ የመዝጊያ ክፍያ የከፋ ሆኖ ስላገኘነው ዛሬ ስለዚሁ ልንጽፍላችሁ ወደድን።

አስቀድሞ ስሙ ይጥራ። ይህ ገንዘብ ደመወዝ ነው፤ ጉርሻ አይደለም። ብዙዎቻችሁ «ማዳም ደግ ከሆነች ትሰጠኛለች» ስትሉ እንሰማለን። ደግነት ሌላ ነገር ነው። ኩዌት በ2015 ባወጣችው የቤት ሠራተኞች ሕግ (ቁጥር 68) አንዲት ሠራተኛ ኮንትራቷ ሲያበቃ ለእያንዳንዱ የሠራችበት ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ እንዲከፈላት ተደንግጓል። ካታር በ2017 ባወጣችው ሕግ ቁጥር 15 አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ለሠራች ለየዓመቱ ከሦስት ሳምንት ደመወዝ ያላነሰ ይገባታል። ባሕሬን በ2012ቱ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኞችንም በዚህ ክፍያ አካትታ፣ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት በየዓመቱ የግማሽ ወር፣ ከዚያ በኋላ ላሉት ዓመታት ደግሞ የሙሉ ወር ደመወዝ ይላል። ሳዑዲ ዐረቢያ ከሁሉም ጠበብ ያለ ነው፤ በአንድ አሠሪ ዘንድ አራት ዓመት ሳታቋርጥ ለሠራች የአንድ ወር ደመወዝ።

እነዚህ ቁጥሮች በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላሉ። እስቲ ከደመወዛችሁ ጋር አባዙዋቸው። ካታር በወር 1000 ሪያል (ከመጋቢት 2021 ጀምሮ የቤት ሠራተኛም ዝቅተኛ ደመወዝ ይኸው ነው) እየተከፈላት ስድስት ዓመት የሠራች እህት፣ የሦስት ሳምንቱ 700 ሪያል ገደማ ነውና 4200 ሪያል አላት። ባሕሬን በ100 ዲናር ስምንት ዓመት የሠራች፣ ለሦስቱ ዓመት 150፣ ለአምስቱ ዓመት 500፣ በድምሩ 650 ዲናር አላት። ይህ ለወንድም የባጃጅ ቅድሚያ ክፍያ፣ ለእናት የቤት ክዳን፣ ለራስም ተመልሶ እስኪቋቋሙ ድረስ የወራት ቀለብ ነው።

አሁን ወደ ቅነሳው እንምጣ። አንዲት እህታችን ኩዌት ውስጥ በአንድ ቤት በወር 80 ዲናር ዘጠኝ ዓመት ሠራች። ሕፃናቱን ከዳይፐር አንሥታ ትምህርት ቤት አድርሳለች፤ አያታቸውን በአልጋ ላይ አገላብጣ ቀብራለች። ልመለስ ባለች ጊዜ የሚገባት 720 ዲናር ነበር። ቤተሰቡ ክፉ አልነበረም። «ለአንቺማ እንከፍልሻለን» አሏት። ከዚያ መቁጠር ተጀመረ። የትኬት ተብሎ ተቀነሰ፤ በኮንትራቷ ላይ ግን የመመለሻ ትኬት በአሠሪ ወጪ ነው ተብሎ ተጽፏል። ከሁለት ዓመት በፊት ለበዓል የተሰጣት የጆሮ ወርቅ ዋጋ ተቀነሰ። ሰውየው ወረቀቱን የሚጨርስ ያሉት ደላላ ደግሞ «ለሙዓመላ» ብሎ 150 ዲናር ጠየቀ። በመጨረሻ በፖስታ የተሰጣት 290 ዲናር ሲሆን፣ ፖስታውን ከመክፈቷ በፊት በዐረብኛ የተጻፈ ወረቀት ላይ እንድትፈርም ተደርጓል። ወረቀቱ «ሙኻለሳ» የሚባለው ነው፤ መብቴን ሁሉ ተቀብያለሁ፣ ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም የሚል።

ከ720 ዲናር 430 ዲናር ሒሳብ መዝጊያ ማለት ነው! በዓለም ላይ እንዲህ የሚቆርጥ የጡረታ ድርጅት ቢገኝ ሕዝቡ በሩን በሰበረው ነበር።

ስለ ወርቁ አንድ ነገር እንበል። በበዓል ቀን በፈገግታ የተሰጠ ወርቅ ስጦታ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብለን እንቀበላለን። የደመወዝ ማካካሻ ከሆነ ግን በዚያው ዕለት ሚዛን ይምጣ፣ ደረሰኝም ይጻፍ። ስጦታን ከዓመታት በኋላ ወደ ብድር መለወጥ በየትኛውም ሕዝብ ባህል ነውር ነው፤ በዐረቦቹም ዘንድ እንዲሁ።

ደላላውን በተመለከተ ግን ነገሩ ከነውርም ያለፈ ነው። ይህን ክፍያ ለማግኘት ለማንም የሚከፈል «የመዝጊያ» ሒሳብ የለም። የሚከፍለው አሠሪው፣ የምትቀበለው ሠራተኛዋ ናት፤ በመካከል ወንበር የለም። ወረቀት ቢያስፈልግ የሚያስጨርሰው አሠሪው ነው። አበሻ ደላሎችም በዚህ ውስጥ እንዳሉበት ታውቃላችሁ፤ ስማቸውን ባንጽፍም ቡና የምንጠጣው አብረን ነው። «ቋንቋ ስለማታውቂ እኔ ልነጋገርልሽ» ብሎ ከእህቱ ላብ ሩብ የሚወስድ ሰው ረዳኋት ሊል አይችልም።

አሠሪዎች የሚያቀርቡት ሌላ ምክንያት አለ። «አንቺን ለማምጣት ለመክተብ ብዙ ከፍያለሁ» ይላሉ። ከፍለው ይሆናል፤ ክርክሩ ግን ከመክተቡ ጋር ነው። በአገራችን በኩል በ2016 የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት ዐዋጅ ቁጥር 923 የመግቢያ ቪዛን፣ የደርሶ መልስ መጓጓዣን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድን ወጪ በአሠሪው ላይ ነው የጣለው። በሠራተኛዋ ላይ የቀረው ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ ክትባትና የመሳሰለው ነው። ስለዚህ በመግቢያው ቀን የእርሱ የነበረ ወጪ በመውጫው ቀን የእናንተ የሚሆንበት ምክንያት የለም።

ከመዝጊያው ይልቅ ብዙዎቻችሁ የማታስተውሉት ግን የማዛወሪያው ቅነሳ ነው። ካፊል ስትቀይሩ የሚሆነውን ልብ በሉ። ኢቃማው ወደ አዲሱ አሠሪ ይዞራል፤ ዓመቶቻችሁ ግን አብረው አይዞሩም። ከአዲሱ ቤት ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ከቀድሞው ቤት ሳትቀበሉ ከወጣችሁ፣ ማዳም አንዲት ሳንቲም «ቆረጥኩ» ሳትል ሁሉም ተቆርጧል። በሳዑዲ ደግሞ ጉዳዩ የባሰ ነው። ሦስት ዓመት ከዐሥር ወር ሠርታ በደሞዝ ጭማሪ ተስባ ወደ ሌላ ቤት የሄደች እህት በሕጉ መሠረት የሚጠብቃት ምንም ነገር የለም፤ ሁለት ወር ብትታገሥ የአንድ ወር ደመወዝ በእጇ ይገባ ነበር። ክፉ ቤት ሆኖባት ለሕይወቷ የሸሸችውን አይደለም የምንለው፤ እርስዋ ትውጣ፣ ገንዘቡ ይቅር። በወር ሃምሳ ሪያል ጭማሪ ብላ የምትወጣዋ ግን ቀኑን ትቁጠር።

ሌላም መልክ አለው። እናቲቱ ታርፋለች፣ ወይም ልጅቱ ታገባለች፤ ሠራተኛዋም ከእናት ቤት ወደ ልጅ ቤት «በዚያው ቤተሰብ ውስጥ» ትዛወራለች። ለእርስዋ ያው አንድ ቤት ነው፤ ልጅቱንም ያሳደገቻት ራስዋ ናት። በወረቀት ላይ ግን አሠሪው ተለውጧል። ከዓመታት በኋላ ስንብት ሲመጣ ልጅቱ «ከእኔ ጋር የሠራሽው ሦስት ዓመት ብቻ ነው» ትላለች፤ የእናቲቱን ዘመን የሚጠየቅበት ሰው የለም። እንዲህ ያለ ዝውውር ሲመጣ የቀድሞው ዘመን በዚያው ዕለት ተቆጥሮ ይከፈል፤ ካልሆነም አዲሷ አሠሪ የቀደመውን ዘመን ተቀብያለሁ ብላ ትጻፍ። መጠየቅ ያስፈራል፤ ግን በዕለቱ ሁሉም ደስ ብሎት በሚጋባበት ሰሞን መጠየቅ በጠብ ቀን ከመጠየቅ ይቀላል። ኮንትራት ሲታደስም ያው ነው። የሁለት ዓመቱ ሒሳብ በየእድሳቱ ቢዘጋ እኛ እንመርጣለን። «ይጠራቀምልኝ፣ አንድ ላይ ብወስደው ይሻላል» የሚለውን ሐሳብ እናከብራለን፤ ነገር ግን በሰው እጅ የተጠራቀመ ገንዘብ ምን እንደሚሆን ሊባኖስ አስተምራናለች።

በሊባኖስ ከ1946 ጀምሮ ያለው የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ከጥበቃው ውጭ አድርጓል። በመስከረም 2020 የሥራ ሚኒስቴሩ የተሻለ መደበኛ ኮንትራት አውጥቶ ነበር፤ በጥቅምት ግን የአገሪቱ የመንግሥት ምክር ቤት የሚባለው የአስተዳደር ፍርድ ቤት አገደው። በዚያው ዓመት በሰኔ ደመወዛቸው ያልተከፈለ እህቶቻችን በቤይሩት ቆንስላችን በር ላይ ከነሻንጣቸው ሲጣሉ ዓለም ሁሉ አይቷል። ከእነርሱ መካከል «ደመወዜን ማዳም ታስቀምጥልኛለች» ይሉ የነበሩ ነበሩ። እስቲ ሒሳቡን እንየው። በ2019 አንድ ዶላር በመንግሥት ዋጋ 1507 ሊራ ተኩል ነበር፤ 1000 ዶላር ማለት አንድ ሚሊዮን ተኩል ሊራ ገደማ። በኋላ አንድ ዶላር 89,500 ሊራ ሲገባ ያ ሁሉ ሊራ 17 ዶላር እንኳ አይሞላም። ማዳሟ ሐቀኛ ሆና የተቀመጠውን ሊራ አንድም ሳታጎድል ብትመልስላት እንኳ ሠራተኛዋ ባዶ እጇን ናት ማለት ነው።

በድርጅት ለሚሠሩት ይህ ችግር መላ እየተገኘለት ነው። ባሕሬን ከመጋቢት 2024 ጀምሮ የግል ድርጅቶች ለውጭ ዜጋ ሠራተኞቻቸው የአገልግሎት ማብቂያውን በየወሩ ለማኅበራዊ ዋስትና ድርጅት እንዲያስገቡ አድርጋለች፤ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ከደመወዙ 4.2 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ 8.4 በመቶ። ገንዘቡ ከአሠሪው እጅ አስቀድሞ ስለወጣ በስንብት ቀን «የለኝም» ወይም «ተቀንሷል» የሚል ሰው አይኖርም። በእኛ እምነት የቤት ሠራተኛ ከማንም በላይ የሚያስፈልጋት እንዲህ ያለ ነገር ነው፤ ምክንያቱም እርስዋ ከአሠሪዋ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር እያደረች ገንዘቧን ልትጠይቅ ነው። ኤምባሲዎቻችን ከየመንግሥታቱ ጋር ስለ ሠራተኛ ስምምነት ሲቀመጡ ስለ ደመወዝ ወለል ብቻ ሳይሆን ይህንንም በጠረጴዛው ላይ ቢያኖሩት እንወድዳለን። እስከዚያው ድረስም አሠሪ ኮንትራት ለማደስ ወደ ኤምባሲ ሲመጣ «ያለፈው ሁለት ዓመት ሒሳብ ተከፍሏል ወይ? ማስረጃውስ?» ተብሎ ቢጠየቅ ብዙ ነገር ይስተካከላል። ጥያቄው ሁለት መስመር ነው፤ አዲስ ሕግም አይፈልግም።

ገንዘቡ በእጅ ከገባ በኋላ ወደ አገር ሲላክ ደግሞ ሌላ ቅነሳ ይጠብቀዋል። መንግሥታት በተባበሩት መንግሥታት በኩል እስከ 2030 ድረስ የሐዋላ ዋጋ ከተላከው ገንዘብ ከ3 በመቶ በታች እንዲሆን ተስማምተዋል፤ የዓለም አማካይ ግን አሁንም ከ6 በመቶ በላይ ነው። ከባሕረ ሰላጤው የሚላከው ብዙ ጊዜ ከዚህ ይረክሳል። ነገር ግን በመስኮቱ ላይ የተለጠፈውን ክፍያ ብቻ አትዩ፤ ምንዛሬው ላይም ይቆረጣል። «ያለ ክፍያ እንልካለን» የሚል ቤት በዶላሩ ዋጋ ላይ ክፍያውን ወስዶ ይሆናል። ቤተሰብ በመጨረሻ ስንት ብር እንደሚደርሰው ሁለት ሦስት ቦታ ጠይቁና አወዳድሩ። ብር በሐምሌ 2024 መጨረሻ በገበያ ዋጋ እንዲመራ ሲደረግ ከ57 ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ በዶላር ከ100 አልፎ ሄዷል። የዘጠኝ ዓመት ድካሟን ቀደም ብላ በብር አስቀምጣ የነበረች እህት ያን ሰሞን የተሰማትን አንርሳ። የስንብት ገንዘብ የሚላከው በጥድፊያ፣ በሻንጣ መዝጊያ ቀን መሆኑ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል።

ከእናንተም ከእኛም መካከል «ተዉት፣ በመጨረሻ ቀን ከሰው ጋር መጣላት አያምርም፤ እግዚአብሔር ይከፍላል» የሚሉ አሉ። ይህን የሚሉት ደጋግ ሰዎች ናቸውና በንቀት አናልፈውም። እግዚአብሔር ይከፍላል፤ አሜን። ነገር ግን የሠራተኛን ደመወዝ መከልከል በቅዱስ መጽሐፍ በብርቱ የተወገዘ ነገር ነው፤ ዝም ማለታችን አሠሪውንም በዚያ ኃጢአት ውስጥ ይተወዋል። ደግሞም በትሕትና ሒሳብን መጠየቅ ጠብ አይደለም። ይህን በዐረብኛ ለማለት ሁለት ቃል ይበቃል፤ «ኒሃየት ኺድማዬስ?» ብላችሁ ዝም ብላችሁ ጠብቁ። ብዙ ማዳሞች ሕጉን ራሳቸው ያውቁታል፤ የማታውቁት እናንተ ናችሁ ብለው ነው የሚያልፉት። ከሕጉ በላይ አድርገው የሚሰጡ ቤተሰቦችም አሉ፤ እናውቃቸዋለን፣ እናመሰግናቸዋለንም።

ካልከፈሉ ደግሞ መሄጃ አለ። በኩዌት በሰው ኃይል ባለሥልጣኑ ሥር የቤት ሠራተኞች ጉዳይ ክፍል አቤቱታ ይቀበላል። በካታር የሥራ ክርክር ኮሚቴዎች አሉ። በሳዑዲ ነገሩ በ«ሙሳነድ» በኩል ያልፋል፤ ከሐምሌ 2024 ጀምሮም በደረጃ ደመወዝ በዚያ በኩል በባንክ እንዲከፈል መደረጉ ጠቃሚ ነው፤ በባንክ ያለፈ ደመወዝ የሠራችሁበትን ዘመን ይመሰክርላችኋልና። አንድ ነገር ግን አጥብቀን እንንገራችሁ፤ አቤቱታው አገር ውስጥ እያላችሁ ይሁን። ኹሩጅ ተመትቶ ቦሌ ከወረዳችሁ በኋላ ከሩቅ ሆኖ ማስከፈል እጅግ አስቸጋሪ ነው። ለዚህ ነው ስለ ሒሳቡ መነጋገር ያለባችሁ ትኬቱ ከመቆረጡ ከሁለት ወር በፊት እንጂ በበረራው ዋዜማ ያልሆነው።

ስለዚያ ሙኻለሳ ወረቀት ደግሞ፦ ገንዘቡን ቁጠሩ፣ ከዚያ ፈርሙ። ወረቀቱን ማንበብ ካልቻላችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሥታችሁ ለሚያነብ ሰው ላኩ። በዕለቱ የግድ ፈርሚ ከተባላችሁ ከፊርማችሁ አጠገብ በራሳችሁ እጅ በአማርኛ «ይህን ያህል ዲናር ተቀብያለሁ» ብላችሁ ቁጥሩንና ቀኑን ጻፉ። ማንም አይከለክላችሁም፤ አብዛኞቹም ምን እንደጻፋችሁ አያውቁም። ሒሳቡ በኋላ ወደ ሕግ ቢሄድ ያቺ አንዲት መስመር ትናገራለች።

ስንት እንደሚገባችሁ ማስላት ለምትፈልጉ፣ ዓርብ ከቅዳሴ በኋላ በጽሕፈት ቤቱ አብረናችሁ ለመቀመጥ ዝግጁ ነን። የምታመጡት የኮንትራታችሁን ቅጂ፣ የኢቃማችሁን ፎቶ፣ ሥራ የጀመራችሁበትን ቀንና አሁን የምትቀበሉትን ደመወዝ ነው። ኮንትራቱ በማዳም እጅ ከሆነ ስታገኙት በስልክ ፎቶ አንሡት፤ እርሱም ይበቃል። ለዚህ አገልግሎት የሚከፈል ነገር የለም።